ኢንተርኔት በሌለው ላብ ኔትወርክ ማስተማር፦ የትኛው ሶፍትዌር፣ የትኛው ፕሮቶኮል?

«በባሕር ዳር ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር ነኝ። ላባችን ውስጥ በደህና የሚሠሩ ስድስት ዴስክቶፖች አሉ፤ ራማቸው 4 ጊጋባይት ነው። አንድ ባለ 8 ፖርት ስዊችና አንድ ጥቅል የኔትወርክ ኬብል አለን። ኢንተርኔቱ አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ከፖሊ (ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ) የተመረቁ ጓደኞቼን ሳማክር አንዱ ፓኬት ትሬሰር፣ አንዱ ጂኤንኤስ 3፣ ሌላው ዋየርሻርክ ይለኛል። ተማሪዎቼ ደግሞ ቴልኔትና ኤፍቲፒ ጊዜ ያለፈባቸው ናቸው፣ ምን ያደርጉልናል ይላሉ። የቱን ልምረጥ? ከየትስ ልጀምር?» — ከጣና ዳር

ውድ መምህር፣

በዋየርሻርክ ይጀምሩ። ከእሱ ጋር በኔትወርክ ጽሑፍ የምትልክና የምትቀበል፣ ኔትካት የምትባለውን ትንሽ ፕሮግራም ይጨምሩ። ሁለቱንም ዴቢያን ሊኑክስ በተጫነባቸው ሦስት ኮምፒውተሮች ላይ ያስኪዱ። ፓኬት ትሬሰር በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ይድረስ፤ ጂኤንኤስ 3ን ግን በእነዚህ ማሽኖች ላይ አይሞክሩት።

ጂኤንኤስ 3 ሥራውን የሚያውቅ መሣሪያ ነው። ነገር ግን እውነተኛ የራውተር ሶፍትዌር በኮምፒውተሩ ውስጥ ስለሚያስነሳ ለአንድ ራውተር ብቻ ግማሽ ጊጋባይት ያህል ራም ሊወስድ ይችላል። ሦስት ራውተር ካስነሱ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን መተንፈሻ ያጣል። በዚያ ላይ የራውተሩን ሶፍትዌር ፋይል ራስዎ ፈልገው ማምጣት አለብዎት፤ የሲስኮ ከሆነ ደግሞ ፈቃድ ይጠይቃል። ፓኬት ትሬሰር ቀላልና ነጻ ነው። ችግሩ በውስጡ የሚመላለሰው ፓኬት (የመረጃ እሽግ) ሁሉ ፕሮግራሙ የሚያስመስለው መሆኑ ነው፤ በኔትወርክ ካርዱ በኩል አንዲት ባይት አትወጣም። ተማሪው መጀመሪያ ማየት ያለበት እውነተኛውን ነገር ነው ብለን እናምናለን። ዋየርሻርክ እሱን ያሳያል፦ በኬብሉ ያለፈውን ሁሉ፣ ባይት በባይት፣ ከየትኛው ፕሮቶኮል (የኮምፒውተሮች መነጋገሪያ ደንብ) እንደሆነ ተንትኖ።

የተማሪዎችዎ ጥያቄ ተገቢ ስለሆነ በቂ መልስ ይስጧቸው፦ የቆየ ፕሮቶኮል ሁሉ ከጥቅም አልወጣም። አስቀድሞ ግንኙነት ሳይከፍት መረጃ የሚልከው ዩዲፒ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1980 ነው፤ ጸሐፊው ጆን ፖስተል ሲሆን ሰነዱ ሦስት ገጽ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነውና ዛሬ ትልልቅ ድረ ገጾች የሚጠቀሙበት ክዊክ የተባለው ፕሮቶኮል የሚሄደው በዚሁ ዩዲፒ ላይ ነው። የአይፒ ቨርዥን 4 ሰነድ የወጣው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1981 ነው። ዛሬም ስልካቸው በዚህ ቨርዥን በላከው እያንዳንዱ ፓኬት ፊት ላይ ያው ቢያንስ 20 ባይት የሆነ ራስጌ አለ። የኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነው አርፓኔት ከቀድሞው ፕሮቶኮሉ ከኤንሲፒ ወደ ቲሲፒ/አይፒ የተሻገረው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1983 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መሠረቱ አልተቀየረም።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ለመምህር የሚበልጠው ይኸኛው ነው። የዛሬ ትራፊክ ሁሉ ማለት ይቻላል የተመሰጠረ ነው። ዋየርሻርክ ከፍተው አንድ ዘመናዊ ድረ ገጽ ቢጎበኙ ትርጉም የሌለው የቁጥር ክምር ነው የሚያዩት። የቀድሞዎቹ ፕሮቶኮሎች ግን በግልጽ ጽሑፍ ይነጋገራሉ፤ ሰው በኪቦርድ ሊጽፋቸው፣ በዓይኑ ሊያነባቸው ይችላል። ኢንተርኔት የሌለው ላብዎ ለዚህ ትምህርት የተመቸ ነው፤ በኬብሉ የሚያልፈው እርስዎ የላኩት ብቻ ስለሆነ ተማሪው የሚፈልገውን ከግርግር ውስጥ አይለቅምም።

ወደ ዝግጅቱ እንግባ። መጀመሪያ ኬብሉን ይሥሩ። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይጠቀሙ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ብዙ ሰው አረንጓዴውን ጥንድ ጎን ለጎን 3ኛና 4ኛ ቦታ ላይ ያስገባዋል። በሁለቱም ጫፍ እንዲሁ ከተሳሳተ ርካሹ የኬብል መሞከሪያ ስምንቱንም መብራት ያበራል፤ መስመሩ ግን ፓኬት ይጥላል፣ ይንቀራፈፋል። ምክንያቱም የ3ኛውና የ6ኛው ሽቦ አብረው የተጠመዘዙ መሆን አለባቸው፤ መጠምዘዙ ነው ከሌላው ጥንድ የሚመጣውን ረብሻ የሚያጠፋው። ሽቦዎቹን ለማስገባት የሚፈቱት ጥምዝም ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙ አይለፍ።

ሶፍትዌሩን አንድ ጊዜ ጥሩ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ሄደው ማውረድ ይኖርብዎታል፤ ፖሊ ወይም ፔዳ (ሌላው የዩኒቨርሲቲው ግቢ) የሚያውቁት ሰው ካለ እዚያ ይሞክሩ። አንድ ማሽን ላይ ዴቢያንን አዲስ ይጫኑና በሶፍትዌር መጫኛው በአፕት ጌት «ማውረድ ብቻ» በሚለው አማራጭ ዋየርሻርክን፣ የኦፕንቢኤስዲውን ኔትካት፣ ለኤፍቲፒ ቪኤስኤፍቲፒዲን፣ ለኢሜይል ፖስትፊክስን፣ የቴልኔት ሰርቨርና ደንበኛን ያውርዱ። ፋይሎቹ በአፕት መሸጎጫ አቃፊ ይቀመጣሉ፤ በፍላሽ ገልብጠው ወደ ላቡ ይውሰዷቸው። «አዲስ ይጫኑ» ያልነው በምክንያት ነው። አፕት ማሽኑ ላይ ቀድሞ ያለውን ጥገኛ ጥቅል ደግሞ አያወርድም፤ ብዙ ነገር በተጫነበት ላፕቶፕ ካወረዱ ላብ ሲደርሱ ግማሹ ጥቅል ይጎድልዎታል። የዴቢያኑ ቨርዥንም በሁሉም ማሽን አንድ መሆን አለበት።

ዋየርሻርክ ሲጫን ተራ ተጠቃሚ ፓኬት መያዝ ይችል እንደሆነ ይጠይቃል። ቀድሞ የተመረጠው «አይ» የሚለው ነው፤ እርስዎ «አዎ» ይበሉ። ከዚያ ተማሪው የሚገባበትን ስም ዋየርሻርክ በተባለው ቡድን ውስጥ ይጨምሩና ወጥቶ እንደገና ይግባ። ይህ ካልተደረገ ፕሮግራሙ ይከፈታል፣ የኔትወርክ ካርዱ ዝርዝር ግን ባዶ ይሆናል። «ዋየርሻርክ እምቢ አለኝ» ብለው ከሚመጡት የብዙዎቹ ችግር ይኸው ነው።

አሮጌ ዴስክቶፖች ላይ ሰዓቱንም ይመልከቱ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ፣ ሲአር 2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት፣ ካለቀች መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያን ጊዜ ኢንተርኔት ቢመጣም አፕት «የዝርዝሩ ፋይል ጊዜው ገና አልደረሰም» ብሎ ማውረድ ያቆማል፤ ሁለት ማሽን ላይ የተያዘ ትራፊክም በሰዓት አይነጻጸርም። ባትሪዋን መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ነው።

አድራሻ በእጅ ይስጡ፦ 10.0.0.1፣ 10.0.0.2፣ 10.0.0.3፣ ማስኩ 255.255.255.0። ጌትዌይ አያስፈልግም። የኔትወርክ ቅንብሩ «በራሱ ፈልግ» ላይ ከቀረ አድራሻ የሚያድል ሰርቨር ሲያጣ ግንኙነቱን ስለሚዘጋው ትምህርቱ መሃል ላይ ይቋረጣል። «ማኑዋል» ያድርጉት።

አሁን ወደ ፕሮቶኮሎቹ። የትእዛዞቹን ስም እንደሚነበቡ ጽፈናል፤ ኪቦርድ ላይ በላቲን ፊደል ይተየባሉ።

በአርፕ (አንድ የአይፒ አድራሻ የየትኛው ኔትወርክ ካርድ እንደሆነ የሚጠይቅ ፕሮቶኮል) እና በፒንግ (ሌላው ማሽን መልስ መስጠቱን የሚፈትሽ ትእዛዝ) ይክፈቱ። ሁለት ማሽኖች ላይ ዋየርሻርክ አስጀምረው ከአንዱ ወደ ሌላው ፒንግ ያድርጉ። ከፒንጉ በፊት «10.0.0.2 ያለው ማነው? ለ10.0.0.1 ንገሩ» የሚል ጥያቄ ይታያል፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ1982 በዴቪድ ፕላመር የተጻፈው አርፕ ነው። ካልታየ ማሽኑ አድራሻውን ቀድሞ ስላወቀ ነውና አጥፍተው ያብሩት። እዚህ ላይ ተማሪዎቹን የሁለቱን ስክሪን ቁጥር ያነጻጽሩ ይበሏቸው። ያው አንዱ የአርፕ ጥያቄ ላኪው ላይ 42 ባይት፣ ተቀባዩ ላይ ብዙውን ጊዜ 60 ባይት ይላል። ኢተርኔት ከ64 ባይት ያነሰ ፍሬም (በኬብሉ የሚሄደው እሽግ) አይልክም፤ የላኪው ካርድ ፍሬሙን በዜሮ ይሞላዋል። ዋየርሻርክ ላኪው ላይ የሚያየው ካርዱ ከመሙላቱ በፊት ነው፤ ተቀባዩ ላይ ደግሞ የመጨረሻዎቹ 4 የማረጋገጫ ባይቶች ለእሱ አይደርሱትም። በ42 እና በ60 መካከል ያለውን ልዩነት በራሱ ያስረዳ ተማሪ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ጨርሷል ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው ማሽን ላይ ዋየርሻርክ ከፍተው የሁለቱን ንግግር ለማየት ቢሞክሩ ግን የአርፕ ጥያቄውን ብቻ ነው የሚያገኙት። ዋየርሻርክ አልተበላሸም። ስዊች ለሁሉ የተላከውን ለሁሉ ያድላል፤ ለአንዱ የተላከውን ግን ለዚያው ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከሚነጋገሩት ከአንዱ ላይ ሆነው ይያዙ።

ቀጥሎ ቲሲፒ፤ ሁለት ማሽኖች አስቀድመው ግንኙነት ከፍተው የሚነጋገሩበት ነው። 10.0.0.1 ላይ ኔትካትን በማዳመጥ አማራጭ ፖርት 5000 ላይ ያስነሱ፤ ከ10.0.0.2 በኔትካት ወደዚያ ይግቡ። ገና ምንም ሳይጻፍ ሦስት ፓኬቶች ያልፋሉ፦ ሲን፣ ሲን አክ፣ አክ። ከዚያ ተማሪው «ሰላም» ብሎ ይላክ፤ የግእዝ ኪቦርድ ካልተጫነ ቃሉን ከፋይል ገልብጦ ይለጥፍ። የመረጃው ርዝመት 10 ባይት ይላል። እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ሦስቱ ፊደላት 9፣ የመስመር መጨረሻው 1። ይህችን ቁጥር ይያዟት፤ ኢሜይል ላይ ስንደርስ ትፈለጋለች።

ለድረ ገጾቹ ፕሮቶኮል ለኤችቲቲፒ የተለየ ሰርቨር አያስፈልግም፤ በፓይተን 3 ውስጥ ያለችው ትንሽ የድር ሰርቨር ፖርት 8000 ላይ ትበቃለች። በኔትካት ገብተው ጌት፣ ክፍተት፣ ያዘነበለ መስመር፣ ክፍተት፣ ኤችቲቲፒ/1.0 በካፒታል ፊደል ይጻፉ። ከዚያ ኤንተርን ሁለት ጊዜ ይጫኑ። አንድ ጊዜ ብቻ የተጫነ እንደሆነ ሰርቨሩ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ የጥያቄውን ማብቂያ የሚያውቀው በባዶው መስመር ነውና።

ለፋይል ማስተላለፊያው ለኤፍቲፒ ረዘም ያለ ጊዜ ይስጡ። ከቲሲፒ የሚቀድም ፕሮቶኮል ነው፤ የመጀመሪያውን ሰነድ አብሃይ ቡሻን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1971 ጽፎታል። ትእዛዝና ፋይል በሁለት የተለያዩ ግንኙነቶች ይሄዳሉ፤ ይህ ተማሪን ግራ የሚያጋባው ነገር በእጅ ሲሠራ ወለል ብሎ ይታያል። በኔትካት ፖርት 21 ይግቡ፤ ሰርቨሩ 220 ብሎ ይቀበላል። ዩዘር ብለው ስም ሲሰጡ 331፣ ፓስ ብለው የይለፍ ቃሉን ሲሰጡ 230 ይመልሳል። ፓሲቭ (በትእዛዙ አራት ፊደል ብቻ ነው፣ የመጨረሻው ቪ) ሲሉት 227 ብሎ በቅንፍ ስድስት ቁጥሮች ይሰጣል፤ ለምሳሌ 10,0,0,1,195,80። የመጀመሪያዎቹ አራቱ አድራሻው ናቸው። ፖርቱን ለማግኘት አምስተኛውን በ256 አባዝተው ስድስተኛውን ይደምሩ፦ 195 ሲባዛ በ256፣ ሲደመር 80፣ 50000 ይሆናል። ሁለተኛ ተርሚናል ከፍተው በኔትካት ወደ 10.0.0.1 ፖርት 50000 ይግቡ፤ ወደ መጀመሪያው ተመልሰው ሊስት ይበሉ። የፋይሎቹ ዝርዝር በሁለተኛው መስኮት ዱብ ይላል፤ የመጀመሪያው 150፣ ቀጥሎ 226 ብቻ ይላል። ቁጥሩ በየጊዜው ስለሚቀያየር ተማሪው በየጊዜው ማስላት አለበት። ሰርቨሩም ብዙ ስለማይታገሥ ካልኩሌተሩ ቀድሞ ይከፈት።

ይህን ካዩ በኋላ ኤፍቲፒ በቤት ራውተር በኩል ለምን እንደሚያስቸግር ማስረዳት ቀላል ነው። በቀድሞው «አክቲቭ» አሠራር ደንበኛው ራሱ አድራሻውንና ፖርቱን በጽሑፍ ልኮ «እዚህ ድረስ ጥራኝ» ይላል። የቤቱ አድራሻ 192.168 ብሎ የሚጀምር ከሆነ ራውተሩ የፓኬቱን ራስጌ ይለውጣል፤ በጽሑፉ ውስጥ ያለውን አድራሻ ግን ለይቶ ካላወቀው በስተቀር እንዳለ ያልፈዋል። ሰርቨሩ ወደማይደረስበት አድራሻ ይደውላል፤ መግባት ይቻላል፣ ዝርዝሩ ግን አይመጣም።

ለኢሜይል ኤስኤምቲፒ፣ ፖርት 25። ፖስትፊክስ ሲጫን «ለዚህ ማሽን ብቻ» የሚለውን ከመረጡ ከሌላ ማሽን የሚመጣውን አይቀበልም፤ «የኢንተርኔት ሳይት» የሚለውን ይምረጡ። ኔትካትን በትልቁ ሲ አማራጭ ያስነሱት፤ ይህ የመስመር መጨረሻን ፕሮቶኮሉ በሚጠይቀው በሁለት ባይት ይልከዋል። ከዚያ ሄሎ (በአንድ ኤል)፣ ሜይል ፍሮም፣ አርሲፒቲ ቱ፣ ዳታ። እስከዚያ 250 ሲል የነበረው ሰርቨር ለዳታ 354 ይመልሳል። ደብዳቤው የሚያልቀው ነጥብ ብቻዋን በአንድ መስመር ስትጻፍ ነው። ተማሪው ሜይል ፍሮም ላይ የፈለገውን ስም ቢጽፍ ሰርቨሩ እንደሚቀበለው ያሳዩት። እ.ኤ.አ. በ1982 የተጻፈው ፕሮቶኮል ላኪውን የሚያጣራበት መንገድ አልነበረውም፤ የኢሜይል ማጭበርበር ሥሩ እዚህ ነው፤ ላኪውን የሚያረጋግጡት ኤስፒኤፍና ዲኪም የመጡትም ለዚህ ነው።

የያዙት 10 ቁጥር እዚህ ይጠቅማል። የ1982ቱ ኤስኤምቲፒ ባለ 7 ቢት ጽሑፍ ብቻ ነበር የሚያሳልፈው፤ የግእዝ ፊደል ባይቶች ሁሉ ግን 8ኛው ቢታቸው የተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ማይም የተባለው የኢሜይል ደንብ መፍትሔ አመጣ፦ ቤዝ 64 ሦስት ባይትን ወደ አራት የላቲን ምልክት ይለውጣል። ስለዚህ በቤዝ 64 የሄደ አንድ የግእዝ ፊደል ልክ አራት ምልክት ይሆናል፤ «ሰላም» 12። የአማርኛ ኢሜይልን ጥሬ ምንጭ ከፍቶ ትርጉም የለሽ ፊደላት ያየ ሁሉ ያየው ይህንን ነው።

ሌላ ማሽን ላይ ከሩቅ ገብቶ ለማዘዝ የሚያገለግለውን ቴልኔትን አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ይስጡት፤ ግን አይዝለሉት። ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው በቴልኔት ይግቡ፣ ከዚያ በዋየርሻርክ «የቲሲፒ ፍሰቱን ተከተል» የሚለውን ይምረጡ። የተጠቃሚው ስም እያንዳንዱ ፊደሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ተደግሞ ይነበባል፤ የይለፍ ቃሉ ግን አንድ አንድ ጊዜ። ቴልኔት የተተየበውን ፊደል በፊደል ይልካል፣ ሰርቨሩም ያንኑ መልሶ ይልከዋል፤ የይለፍ ቃል ላይ ብቻ መመለሱን ያቆማል። ስክሪኑ ላይ ያልታየው ቃል በኬብሉ ውስጥ ግን እርቃኑን ሄዷል። ያንኑ ሁሉን አመስጥሮ በሚልከው በኤስኤስኤች ይድገሙት፤ ታቱ ዩሎነን እ.ኤ.አ. በ1995 ለምን እንደሠራው ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም።

ይህን ትምህርት በሰጡ ዕለት ለተማሪዎችዎ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ይስጡ። በሐይቁ ዳር ባሉት ሆቴሎችና ካፌዎች ዋይፋይ ላይ የሌላ ሰው ትራፊክ መያዝ ልምምድ አይደለም፤ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስጠይቅ ነው። ላቡ የተዘጋ ኔትወርክ የሆነው ለዚህም ጭምር ነው። የቴልኔትና የኤፍቲፒ ሰርቨሮቹንም ኢንተርኔት በሚመጣበት ቀን ያጥፏቸው።

በመሃል ሁለት ነገሮች ሊያስደነግጡዎት ይችላሉ። አንደኛ፣ ዋየርሻርክ ላኪው ላይ ከ1500 ባይት በላይ የሆነ ፓኬት ያሳያል፣ ወይም «ቼክሰሙ ስህተት ነው» ይላል። መቆራረጡንና ስሌቱን የኔትወርክ ካርዱ በኋላ ስለሚሠራው ነው፤ ተቀባዩ ላይ ቢያዩት ትክክል ነው። ሁለተኛ፣ መብራት ሲጠፋ የያዙት ሁሉ አብሮ ይጠፋል፤ ዋየርሻርክ በጊዜያዊ አቃፊ ነው የሚጽፈው። ከመጀመርዎ በፊት በመያዣ አማራጮቹ ውስጥ የፋይል ስምና ቦታ ይስጡት።

የፕሮቶኮሎቹን ሰነዶችም ያውርዷቸው። አርኤፍሲ ይባላሉ፤ የመጀመሪያውን ስቲቭ ክሮከር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1969 ጻፈው። ነጻ ናቸው፤ ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሆኑም ፍላሽ ላይ ቦታ አይፈጁም። ንባቡን በቁጥር 768 ይጀምሩ፣ ሦስት ገጿ የዩዲፒ ናት። ከዚያ 826 ለአርፕ፣ 959 ለኤፍቲፒ፣ 821 ለኢሜይል፣ 791 ለአይፒ። ቲሲፒን የያዘው 793 ረጅም ስለሆነ የግንኙነት መክፈቻና መዝጊያውን ክፍል ብቻ ያስነብቡ። አንዴ የወጣ አርኤፍሲ አይታረምም፤ በአዲስ ቁጥር ይተካል። 793 እ.ኤ.አ. በ2022 በ9293 ተተክቷል፤ ኤስኤምቲፒም ዛሬ የሚመራው በ5321 ነው። ለትምህርት አሮጌው አጭርና ግልጽ ነው፤ ሥራ ላይ ለሚውል ነገር ግን አዲሱን ይመልከቱ።

ፓኬት ትሬሰር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ራውተር ከራውተር ማገናኘት፣ ሰብኔት መከፋፈል፣ የሲስኮን ትእዛዞች መለማመድ ሲፈልጉ፣ ያን ሁሉ ዕቃ ገዝተው ስለማይችሉት። ሲከፈት በሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ አካውንት መግባትን ይጠይቃል። ስለዚህ አካውንቱን ኢንተርኔት ባለበት ቀን ከፍተው፣ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ አንድ ጊዜ ገብተው ይሞክሩት፤ ተማሪ ከመጣ በኋላ አይሁን።